አንድ እግር ምንጊዜም ከመሬት



ዛሬ የምናገረው ስለ ድልድይ ሥራ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ጎን ለጎን ያካሄድኋቸው ሁለት ዝግጅቶች፣ የእርምጃ ውድድር ልምምድና የሠርግ ድግስ፣ ስለ ልክ ያስተማሩኝን ነው።

የእርምጃ ውድድር ሕጉ ሁለት ነው። ተወዳዳሪው ለዓይን በሚታይ ሁኔታ ሁለቱን እግሮቹን ባንድ ጊዜ ከመሬት ማንሣት የለበትም፤ ወደ ፊት የተሰነዘረውም እግር መሬት ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ አካል በላዩ ቀጥ እስኪል ድረስ ከጉልበቱ አይታጠፍም። በ20 ኪሎ ሜትር ጉዞ ከድካሙ የሚከብደው መሮጥ እየቻሉ አለመሮጥ ነው። የዳኞች ቀይ ካርድ የተደራረበበት ሰው፣ ጉልበት ቢተርፈውም ይሰናበታል።

ሠርግም እንዲሁ ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያሉት ሳምንታት ጥቂት በመሆናቸው ሠርገኛው ሁሉ ድንኳኑንም ሠንጋውንም በአንድ ሰሞን ይሻል፤ ዋጋውም ይንራል። ዘመድ በበኩሉ «ሰው ምን ይለናል?» እያለ የተጠሪውን ዝርዝር ያስረዝማል። እኔ ንጋት ላይ ልምምዴን፣ ቀን ሥራዬን ጨርሼ፣ ማታ ከእጮኛዬ ጋር መዝገብ ዘርግተን እናሰላ ነበር። በመጨረሻም በቁጠባችንና በዕቁባችን ልክ 200 ሰው ብቻ ለመጥራት ቆረጥን። አባቷ መጀመሪያ ቅር ተሰኙ፤ ሒሳቡን ካዩ በኋላ ግን በዕዳ የሚጀመር ጎጆ እንደማይበጅ ራሳቸው ተናግረው መረቁን።

ባልደረቦቼ፤ ጭነቱን ሳናሰላ ምሰሶ አናቆምም። ትዳርንም በዚሁ ሥርዓት እንመሥርት። መፍጠን አይነቀፍም፤ አንድ እግራችን ግን ምንጊዜም ከመሬት አይለይ።