ያልተመዘገበው ንብረታችን፦ የኮረብታው ቀይ አፈር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ እዚህ ስቆም የማቀርበው የገቢና ወጪ ሪፖርት ነው። የዘንድሮውም ተባዝቶ በእጃችሁ አለ፤ ኦዲተሩም አይቶታል። ዛሬ ግን ሰብሳቢያችንን አስፈቅጄ በመዝገቤ ላይ ስለሌለ አንድ ንብረት እናገራለሁ። እሱም ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ የተሰጠን የሁለት ጥማድ መሬት አፈር ነው። በቋሚ ንብረት መዝገባችን የውሃ ፓምፑ አለ፣ ሚዛኑ አለ፣ ወንበሮቹ ሳይቀሩ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተመዝግበዋል። አፈሩ ግን የለም። እኔ የግብርና ሰው አይደለሁም፤ ትምህርቴ የሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ነው። ይህን ለመናገር የደፈርሁት ከካቻምናው ኪሳራ የተማርሁት ስላለ ነው። ኪሳራው ደግሞ በአብዛኛው የእኔ ጥፋት ነበር።

የሆነውን ታስታውሳላችሁ። መሬቱን ስንረከብ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። አፈሩ ቀይ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ዶማ ሲገባበት ድንጋይ አይመታም። በእጅ ሲታሽ ይፈረፈራል፤ እንደ ዋልካ አይጣበቅም፣ እንደ ጭንጫም እጅ አይቧጥጥም። የበጀት ረቂቁን ሳዘጋጅ የግብርና ባለሙያው «የአፈር ምርመራ» የሚል አንድ መስመር አስገብቶ ነበር። እኔ ሰረዝሁት። «እንዲህ ያለ አፈር ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ገንዘቡ ለማዳበሪያ ይዋል» ብዬ ጻፍሁ። አንዲት እናታችን ያን ዕለት «ልጄ፣ ቀይ መሬት መልኩ ያታልላል፤ ፍግ ካላየ አይሰጥም» ብለው ነበር። በትሕትና አዳመጥኋቸው፤ ረቂቁን ግን አላስተካከልሁም።

ማዳበሪያው ተገዛ፣ ባቄላው ተዘራ። ዝናቡ ደህና ነበር፣ አረሙም በጊዜው ታርሟል። ባቄላው ግን ከቁርጭምጭሚት ብዙም ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ያገኘነው ምርት የዘሩን ዋጋ እንኳ አልመለሰም። የሰረዝሁት የምርመራ ወጪ ከማዳበሪያው ሂሳብ አንድ አሥረኛ አይሞላም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው አፈሩን ማንበብ የጀመርነው። በመጀመሪያ ያደረግነው ማንም በቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን ነው። ጠርሙስ ውስጥ አፈርና ውሃ ጨምረን በደንብ መታንና አስቀመጥነው። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ታች ይቀመጣል፤ ደለሉ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ሸክላው አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይንሳፈፋል። አፈር በመሠረቱ የእነዚህ የሦስቱ ድብልቅ ነው። ሦስቱም ተመጣጥነው አንዱ ሌላውን ሳይጫን ሲቀር ባለሙያዎች «ሎም» ይሉታል፤ ለእርሻ የተወደደው አፈር ይህ ነው። በእኛ ጠርሙስ ደለሉ ወፍራም፣ ሸክላው ስስ ሆኖ ታየ። «ሎም ነው!» ብለን ተደሰትን።

ከዚያ ናሙና ወደ ላብራቶሪ ላክን። ውጤቱ ሲመጣ ከጠርሙሱ ጋር አልታረቀም። ከታረሰው ክፍል በታች የተወሰደው ናሙና ሸክላ 58 በመቶ፣ ደለል 22 በመቶ፣ አሸዋ 20 በመቶ ይላል። ይህ ሎም ሳይሆን ሸክላ አፈር ነው። ለሂሳብ ሠራተኛ የማይታረቅ ሁለት ሂሳብ እንቅልፍ ይነሳል፤ ስለዚህ ባለሙያውን ጠየቅሁት። መልሱ ቀላል ነበር። የቀይ አፈር ቅላት ከብረት የሚመጣ ዝገት ነው። ይህ የብረት ዝገት ደቃቁን ሸክላ እንደ ሙጫ አያይዞ ጥቃቅን እንክብሎች ያደርገዋል። እንክብሎቹ በእጅ ሲታሹ እንደ ሎም ይፈረፈራሉ፣ በጠርሙስም እንደ ደለል ቶሎ ይሰጥማሉ። በላብራቶሪ ግን እንክብሎቹን የሚበትን መድኃኒት ስለሚጨመር እውነተኛው ሸክላ ይወጣል። ስለዚህ እጃችን አልዋሸም፤ አፈሩ በባሕርዩ እንደ ሎም ነው፣ በይዘቱ ግን ሸክላ ነው።

ቀጥሎ የሰው ቁመት ያህል ጉድጓድ አስቆፈርን። የአፈር ዓይነት የሚለየው ከላይ በሚታየው ብቻ ሳይሆን ከላይ እስከ ታች ባለው አቀማመጥ ነውና። በብዙ ቦታ የጉድጓድ ግድግዳ እንደ ተደራረበ እንጀራ ንብርብሩ ይታያል። በእኛ ጉድጓድ እንዲህ ያለ መስመር አልነበረም። ከላይ ጠቆር ያለው ቡናማ ቀይ ቀስ እያለ ወደ ደማቅ ቀይ ይለወጣል፤ የት ላይ እንደተለወጠ በጣት ማሳየት አይቻልም። ጓሉን ሲሰብሩት ደግሞ ጠርዝ ወዳላቸው፣ እንደ ለውዝ ወዳሉ ትንንሽ ቁራጮች ይፈርሳል፤ ገጻቸውም ቅቤ እንደተቀባ ፀጉር ያብለጨልጫል።

ስሙን የሰጠውም ይህ ብልጭታ ነው። ዓለም አቀፉ የአፈር አመዳደብ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ የታተመውና በ2022 እንደገና የታደሰው፣ የዓለምን አፈር በ32 ዋና ዋና ምድቦች ይከፍላል። የእኛው አፈር «ኒቲሶል» ከሚባለው ምድብ ነው። ስሙ የመጣው «የሚያብለጨልጭ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። ለዚህ ምድብ የሚያበቃው ልዩ ንብርብር ቢያንስ 30 በመቶ ሸክላ ሊኖረው፣ ውፍረቱም ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይገባል። ደለሉ ለሸክላው ሲካፈል ከ0.4 በታች መሆን አለበት፤ የእኛን 22 ለ58 ባካፍለው 0.38 ገደማ መጣልኝ። ኒቲሶል በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኮንጎና በካሜሩን ደጋማ ቦታዎች በብዛት ይገኛል። የደቡብ ምዕራብ አገራችን ቡና የሚበቅለውም በአብዛኛው በዚህ ዓይነት አፈር ላይ ነው።

ስሙ ምን ያደርግልናል የምትሉ ትኖራላችሁ። ስም የባሕርይ ማጠቃለያ ነው፤ ስሙን ያወቀ ጥንካሬውንም ድካሙንም ያውቃል።

ጥንካሬው ብዙ ነው። ውሃ ያስገባል፣ ያሳልፋል፣ ግን ደግሞ ይዞ ያቆያል። ዋልካ በክረምት ውሃ እየቋጠረ ሥር ሲያፍን፣ በበጋ ደግሞ ሲሰነጠቅ፣ ቀዩ አፈር ከዝናብ በኋላ ቶሎ ይታረሳል። ሥር ወደ ታች እንዳሻው ይሄዳል። በተፈጥሮውም መሸርሸርን ከብዙ አፈሮች በተሻለ ይቋቋማል።

ድካሙ ሁለት ነው። አንደኛው በዓይን አይታይም። ብዙ ዝናብ በሚዘንብባቸው እንደ እኛ ባሉ ደጋማ ቦታዎች ውሃው ለዘመናት ጠቃሚውን ንጥረ ነገር እያጠበ ወስዶታል፤ አፈሩም አሲዳማ ሆኗል። የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤች የሚሉት፣ 7 ሲሆን መካከለኛ ነው፤ ከዚያ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። የእኛው 5.0 ሆኖ ተገኘ፤ ከ7 ጋር ሲነጻጸር መቶ እጥፍ ማለት ነው። ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ ሥር ያደነዝዛል፤ ባቄላ ደግሞ ይህን ከማይችሉት ሰብሎች አንዱ ነው። ብረቱና አሉሚኒየሙ በማዳበሪያ የምንጨምረውን ፎስፈረስም ይይዙታል። ማዳበሪያችን የሄደው ወደዚያ ነው። ገንዘቡ ባንክ ገብቷል፤ ግን በታገደ ሂሳብ ውስጥ።

ስለዚህ ዓምና አንዱን ጥማድ ከመዝራታችን ከወር በላይ አስቀድመን በባለሙያው ምክር የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በተንንበት፤ ለግድግዳ የምንቀባውን የተቃጠለ ኖራ አለመሆኑን ልብ በሉ። ፍግና ኮምፖስትም ጨመርንበት። ሁለተኛውን ጥማድ ለማወዳደር እንዳለ ተውነው። ዘሩም ማዳበሪያውም በሁለቱም እኩል ነበር። ከመጀመሪያው ያገኘነው ባቄላ ከሁለተኛው እጥፍ በላይ ነው፤ ዝርዝሩ በሪፖርቱ ውስጥ አለ። አንድ ዓመትና አንድ ማሳ ሁሉን አያስረዳም፤ ኖራው ከፍጉ የቱ ይበልጥ እንደሠራም ለይተን አልለካንም። ፍግ ያሉት እናታችን ግን ልክ ነበሩ፤ ዛሬ በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

ሁለተኛው ድካም የተዳፋቱ ነው፤ ዛሬ ውሳኔ የምጠይቃችሁም በዚህ ላይ ነው። በአገራችን የአፈር መሸርሸርን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ከደጋው የእርሻ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። የእኛ ሁለት ጥማድ ግማሽ ሄክታር ገደማ ነው። በአማካዩ ብናሰላው በዓመት 21 ቶን፣ ማለትም 210 ኩንታል ይሆናል። 210 ኩንታል እህል ከመጋዘን ቢጠፋብን ስንት ስብሰባ እንጠራ ነበር?

አሁን ጥልቀቱን ላስላ። አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ከአንድ ሄክታር ላይ ቢነሳ በግምት 12 ቶን ነው። 42 ቶን ማለት 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። አፈራችን ከ150 ሳንቲ ሜትር በላይ ጥልቅ ስለሆነ በዚህ ስሌት ለማለቅ ከ400 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ይህን ሲሰማ ሰው ይዘናጋል። ነገር ግን ሕይወት ያለው፣ ፍጉና ብስባሹ የሚገኝበት፣ ከላይ ያለው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እሱ በዚሁ ሂሳብ የሚያልቀው በ57 ዓመት ነው፤ ያም የአንዲት ሴት ዕድሜ ነው። ስስ አፈር ሲታጠብ ድንጋዩ ቶሎ ብቅ ብሎ ያስጠነቅቃል። ጥልቅ አፈር ግን ሲታጠብም ያው ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ባለቤቱ ምርቱ ሲቀንስ ማዳበሪያ ይጨምራል እንጂ አፈሩ መሄዱን አይጠረጥርም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። እዚሁ ጎጃም፣ አንጀኒ በሚባለው ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። በተዳፋቱ ላይ «ፋኛ ጁ» የሚባለው እርከን ተሠራ፤ ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው በኩል ይደለደላል። የሚታጠበው አፈር በድልድሉ እየተያዘ ከዓመታት በኋላ ተዳፋቱ እንደ ደረጃ እየተስተካከለ መጣ። እርከን መሬት ይሻማል፣ ጉልበት ይጠይቃል፣ በየክረምቱም ይጠገናል፤ ይህን አልደብቃችሁም። ድልድሉ ላይ ግን ለከብት የሚሆን ሣር ሊተከል ይችላል።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለሁለተኛው ጥማድ የኖራ መግዣ ከማዳበሪያው በጀት ላይ ተቀንሶ ይያዝ። ሁለተኛ፣ ከጥር ወር ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ለእርከን ሥራ እንውጣ፤ እኔም ዶማዬን ይዤ እወጣለሁ። ሦስተኛ፣ አፈሩ በየሦስት ዓመቱ ይመርመር፤ ውጤቱም ከገንዘቡ ሪፖርት ጋር አብሮ ይቅረብ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የካቻምናው ገንዘብ አልተሰረቀም፤ ደረሰኙ ሁሉ አለ፣ ሂሳቡም ሚዛን ጠብቋል። ነገር ግን ሚዛኑን የጠበቀ ሂሳብም ገንዘብ ሊያባክን እንደሚችል አይቻለሁ። ወደፊት የምርመራ ወጪ በበጀታችን ላይ ስታዩ ትርፍ ወጪ እንዳይመስላችሁ።

ከነገ ጀምሮ በቋሚ ንብረት መዝገቡ ላይ አንድ መስመር እጨምራለሁ፦ «የኮረብታ ቀይ አፈር፣ ኒቲሶል፣ ሁለት ጥማድ፣ ጥልቀት ከ150 ሳንቲ ሜትር በላይ፣ ፒኤች 5.0»። በዋጋው ቦታ ምን እንደምጽፍ ገና አልወሰንሁም።

አሁን ወደ ድምፅ መስጠቱ እንሂድ።