ያጣነውን መቁጠር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የቤተ መጻሕፍትና የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ፣ ለወጣቶች መዝናኛ ስለ ተዘጋጀ አንድ የእንግሊዝ መጽሔት መናገር ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ ለሙያችን የሚበጅ ቁም ነገር አንዳንድ ጊዜ ባልታሰበ ስፍራ ይገኛልና ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጽሔቱ «ዶክተር ሁ ዊክሊ» ይባል ነበር። የስሙ መነሻ ቢቢሲ ከኖቬምበር 23 ቀን 1963 ጀምሮ ያሳየው ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ነው። የድራማው ባለታሪክ «ዶክተር» ተብሎ ብቻ የሚጠራ መንገደኛ ሲሆን፣ ከውጭ ሲያዩት የፖሊስ የስልክ ሣጥን በሚመስል፣ ውስጡ ግን ከውጭው እጅግ በሚሰፋ መንኮራኩር ከዘመን ወደ ዘመን ይጓዛል። መጽሔቱን የማርቭል ኩባንያ የብሪታንያ ቅርንጫፍ በኦክቶበር 1979 በ12 ፔንስ ለገበያ አቀረበው። በውስጡም ዴቭ ጊቦንስ የሣላቸው ሥዕላዊ ታሪኮች ይወጡ ነበር። 43 እትሞች በየሳምንቱ ከታተሙ በኋላ፣ በ1980 ወርኃዊ ሆነ።

ከሥዕሎቹ ጎን ግን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በ1976 የተቋቋመው የድራማው ወዳጆች ማኅበር መሥራቾች አንዱ የሆነው ጄረሚ ቤንታም፣ የትኛው ታሪክ መቼ እንደ ታየ፣ ማን እንደ ደረሰው፣ እነማን እንደ ተጫወቱበት በመጽሔቱ ይጽፍ ነበር። የድራማው የመጀመሪያ የቪዲዮ ካሴት ለሽያጭ የቀረበው በ1983 ስለ ሆነ፣ በዚያ ጊዜ አንባቢው የቀደሙትን ክፍሎች ሊያገኛቸው የሚችለው በጽሑፍና በትዝታ ነበር።

አብዛኛው አንባቢ ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ ከእነዚያ ክፍሎች ብዙዎቹ በቢቢሲም ዘንድ አለመኖራቸው ነው። በ1960ዎቹ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበር፤ ነገር ግን ደምስሶ በላዩ ሌላ መቅዳት ይቻል ነበር። ከተዋንያን ማኅበር ጋር የተደረገው ውል አንድን ዝግጅት ደጋግሞ ማሳየትን ስለ ገደበ፣ አሮጌ ቴፕ ማቆየት ትርፍ የሌለው ወጪ ሆኖ ታየ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ዋና ቴፖች ተደመሰሱ። ለውጭ አገር ሽያጭ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀዱትም ቅጂዎች የሽያጭ ውላቸው ሲያልቅ ይወገዱ ነበር። በዚህ ላይ ሁሉን አጠቃሎ የመጠበቅ ግዴታ ያለበት አንድ ክፍል አልነበረም። የሽያጩ ክፍል «ዋናው በሌላው ዘንድ ይኖራል» ሲል፣ ሌላውም ስለ ሽያጩ ክፍል እንደዚያው ያስብ ነበር። ይህን አነጋገር በየመሥሪያ ቤታችን ያልሰማ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

ጥፋቱ የቆመው በ1978 ገደማ ነው። ሱ ማልደን የተባሉት የቢቢሲ ባለሙያ የትኛው ዝግጅት እንደ ቀረና የትኛው እንደ ጠፋ ሲመረምሩ፣ ይህን ድራማ እንደ መፈተኛ ወሰዱት። ከዚያም መጽሔቱ በ1981 ባወጣው የብርድ ወራት ልዩ እትም የጠፉትን ክፍሎች ዝርዝር አሳተመ። እነሆ፣ ለወጣቶች መዝናኛ በተዘጋጀ መጽሔት ላይ አንድ ታላቅ መሥሪያ ቤት ያጣው ንብረት ለአደባባይ ወጣ።

ዝርዝሩ ብቻውን አንድም ፊልም እንዳልመለሰ መታወቅ አለበት። ፈልጎ ማግኘት የባለሙያዎችና የግል ሰብሳቢዎች ድካም ነው። ሆኖም የጠፋው በስሙ ሲታወቅ ፈላጊው በዛ። በ1983 ከአንድ የለንደን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሁለት ክፍሎች ተገኙ። በ1984 ከናይጄሪያና ከቆጵሮስ፣ በ1991 ደግሞ ከሆንግ ኮንግ ሌሎች ተመለሱ። በ2013 በናይጄሪያ ጆስ ከተማ ከሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ የተገኙ ዘጠኝ ክፍሎች መመለሳቸው ሲገለጽ፣ ከመጀመሪያዎቹ 253 ክፍሎች የጠፉት ቁጥር ወደ 97 ወረደ። የጠፉትም ቢሆኑ ድምፃቸው በሙሉ አለ፤ ተመልካቾች በየቤታቸው በቴፕ መቅረጫ ቀድተውት ነበርና።

ቢቢሲ ድራማውን በ1989 አቋርጦ በ2005 መልሶ ሲጀምር፣ መጽሔቱ በዚያ ሁሉ ዘመን መታተሙን አላቆመም። በ2010ም በቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ከተመሠረቱ መጽሔቶች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፈረ። እኔ ግን ከዕድሜው ይልቅ የ1981ዱን ዝርዝር አከብራለሁ።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ሙያችን ያለንን በመቁጠር የታወቀ ነው። የካታሎጋችንን ካርድ እናሳምራለን፤ ዓመታዊ ሪፖርታችንንም በመጻሕፍት ብዛት እናስጌጣለን። በካርድ ኖሮ በመደርደሪያ የሌለውን፣ ከጥራዙ መካከል የጎደለውን ጋዜጣ፣ ተውሶ ወጥቶ ያልተመለሰውን መዝገብ ግን በቆጠራ ጊዜ ጽፈን በመሳቢያ እንቆልፍበታለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጎደለው ዝርዝር የጠባቂውን ስም የሚያጎድፍ ይመስለናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል በዚህ ላይም ይሠራል። እኛ ያጣነው ጥራዝ ከአንድ ጡረተኛ ሣጥን ወይም ከአንድ ደብር ዕቃ ቤት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ግን እንደምንፈልገው ካላወቀ ምን ብሎ ያመጣልናል?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ያለውን በሚያሳትምበት ስፍራ የጎደለውንም ያሳትም፤ ማኅበራችንም ለዚህ ዝርዝር በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ጥቂት ገጾች ይመድብ። የጎደለውን መግለጽ ለጠባቂው ውርደት ሳይሆን የጥበቃው አንዱ ክፍል ነው።