አምባላዩ ሲወለድ



በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ አምባላይ ነው። ሠዓሊው ውርንጭላነቱን አላሳየንም። ቢያሳየን ኖሮ ጥቁር፣ ዳማ ወይም ቀይ አድርጎ በሣለው ነበር፤ አምባላይ የምንለው ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሆኖ አይወለድምና።

ጥቁሩን ውርንጭላ ጠጋ ብላችሁ ዓይኑ ዙሪያ ብታዩት፣ ጥቂት ነጭ ፀጉሮች እንደ መነጽር ከበውት ታገኛላችሁ። ሽበቱ ከዚያ ይጀምራል። ፀጉሩ በረገፈና በተተካ ቁጥር ነጩ እየበዛ ሄዶ፣ ከግራጫነት አልፎ፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ዓመት ሲሞላው አምባላይ ይሆናል። ቆዳው ግን እንደጠቆረ ነው፤ አፍንጫውን ማየት ይበቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት ምክንያቱን አሳየ፦ ኤስቲኤክስ17 በተባለው ጂን ውስጥ 4,600 ያህል ፊደላት ያሉት ክፍል ተደግሟል። ይህን ድግግሞሽ ከአንድ ወላጅ ብቻ መውረስ ለመሸበት በቂ ነው። ውበቱ ዕዳ አለው፤ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ካለፈ አምባላዮች አብዛኞቹ በጭራቸው ሥርና በአካባቢው ጥቁር ዕባጭ ያወጣሉ።

ሌላው ቀለም ሁሉ የሚነሣው ከጥቁርና ከቀይ ነው። ጥቁሩን የሚያዘው ጂን በቀዩ ላይ ይሠለጥናል፤ ቀዩ ግን ተደብቆ ይተላለፋል። ዳማውም ጥቁር አለው፤ ሌላ ጂን ጥቁሩን ወደ ጋማው፣ ወደ ጭራውና ወደ እግሩ ገፍቶበት እንጂ። ስለዚህ ሁለት ጥቁሮች ቀይ ቢወልዱ ባዝራዋን መጠርጠር ግፍ ነው፤ ሁለቱም ቀዩን ደብቀው ይዘውት ኖሯል። ጋማቸው ሳይቀር ቀይ ከሆኑ ድንጉላና ባዝራ ጥቁር ሲወለድ ግን፣ የጎረቤትን ድንጉላ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቦቃው ሌላ ታሪክ ነው። ቀለም ሠሪ ሕዋሳት በፅንሱ ጀርባ በኩል ተነሥተው ወደ ግንባርና ወደ ኮቴ ይጓዛሉ። መንገዱ ረጅም ነውና ሳይደርሱ የቀሩበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይወለዳል። ዘር ድርሻ አለው፤ አጋጣሚም እንዲሁ። ከአንድ ፈረስ ሕዋስ የተባዙ ፈረሶች እንኳ በቦቃቸው ይለያያሉ። በብዙ አገር የፈረስ መታወቂያ ላይ ቀለሙ በአንድ ቃል ሲጻፍ፣ የግንባሩና የእግሩ ነጭ ግን ዛሬም በሥዕል ነው የሚሰፍረው።