ምጣድ፣ ስቶቭና ካውያ በቤታችን ሶኬት ላይ

የካኩማ ነዋሪዎች፣ የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ ወባ ወይም ስለ ተቅማጥ አይደለም፤ ስለ ኤሌክትሪክ ነው። «ነርስ ስለ ኤሌክትሪክ ምን አገባት?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እውነት ነው፣ መስመር ዘርጊ ብትሉኝ አልችልም። ነገር ግን ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ ወይም ሲቃጠል መጨረሻው እኛ ጋ ስለሆነ አገባኝ።

በካምፑ ውስጥ ብዙዎቻችን መብራት የምናገኘው ከነጋዴ ጄነሬተር ነው። ሽቦው ከአጥር አጥር እየተንጠለጠለ ቤታችን ይገባል። ይህ መስመር ሲዘረጋ የታሰበው ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጅ ነበር። አሁን ግን ካውያ፣ ስቶቭ፣ የውሃ ማፍያ፣ አልፎ ተርፎም የእንጀራ ምጣድ እየተሰካበት ነው። እናቶቼ፣ ምጣድ አትጠቀሙ ልላችሁ አልመጣሁም። የማገዶ ጭስ ዓይንና ሳንባ እንደሚጎዳ፣ ማገዶ ፍለጋም ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። እንጀራ ሸጦ ለሚያድር ቤት ደግሞ ምጣድ የዕለት ጉርስ ነው። የምለው በምን ላይ እንደምትሰኩት እወቁ ነው።

አንድ አዲሱ ዓይነት አምፖል 10 ዋት ገደማ ይበላል። ካውያ 1,000 ዋትና ከዚያ በላይ፣ የውሃ ማፍያ 2,000 ዋት አካባቢ ይፈልጋል። ከአገር ቤት የሚመጣው የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ገደማ ነው። አንዱ ምጣድ 350 አምፖል በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ማለት ነው። እዚህ ኬንያ የሚሠራበት ባለሦስት እግር ስፒና ደግሞ ቢበዛ 13 አምፔር ይችላል። ይህም በ240 ቮልት ሲሰላ 3,000 ዋትን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ምጣዱ ከ13 አምፔር በላይ ይስባል። ስለዚህ ምጣድ ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ አይደለም። ከብሬከር የሚነሳ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦና የራሱ ማጥፊያ ያስፈልገዋል። ይህንን ሥራ የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ጄነሬተሩ ይችል እንደሆነም ባለቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቀጭን ሽቦ ላይ ከባድ ዕቃ ሲሰካ ሽቦው ራሱ ምድጃ ይሆናል። የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ግድግዳችን በሸራና በላስቲክ የተሸፈነ መሆኑን አትርሱ። ዲቫይደር ቀዳዳ ይጨምራል እንጂ አቅም አይጨምርም፤ አራት ቀዳዳ ስላለው አራት ማሞቂያ አይችልም። ካውያ ከተሰካ የውሃ ማፍያው ይነቀል። ሶኬቱን በእጃችሁ ጀርባ ሽፋኑ ላይ ስትነኩት ከሞቀ፣ ከጠቆረ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ከዋናው አጥፉና እስኪጠገን አትጠቀሙበት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ከአገር ቤት የመጣ ባለሁለት ክብ እግር ስፒና እዚህ አልገባ ሲል፣ የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ወይም በእንጨት ከፍቶ መሰካት በየቤቱ ይታያል። በዚህ ዓይነት የተሰካ ስፒና ሁለት ጠባቂ ያጣል። አንደኛው በኬንያው ስፒና ሆድ ውስጥ ያለው ፊውዝ ነው፤ ሽቦው ከመጋሉ በፊት እሱ ተቃጥሎ መስመሩን ይቆርጣል። ሁለተኛው የመሬት ሽቦው ነው፤ ኤሌክትሪክ ወደ ምጣዱ ብረት ቢያመልጥ በሰው አካል ሳይሆን በሽቦው በኩል ወደ መሬት እንዲሄድ ያደርጋል። እሱ ከሌለ ሊጥ በነካው እርጥብ እጅ ምጣዱን የምትነካው እናት ራሷ የመሬት ሽቦ ሆነች ማለት ነው። የተቃጠለ ፊውዝን በሚስማር ወይም በሲጋራ ፓኬት ብልጭልጭ መተካትም ያው ነው። ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ «በዛብኝ» እያላችሁ ነውና ስሙት። ቤታችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ የተላጠ ሽቦ ግድግዳውን እንዳይነካ በየጊዜው እዩ፤ ሙሉው ግድግዳ ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል።

ሰው ቢያዝስ? አትንኩት! እናት ልጇን ሳታስብ ትይዛለች፣ ከዚያ ሁለት ይሆናሉ። መጀመሪያ ከዋናው ማጥፊያ አጥፉ። ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ሽቦውን ከሰውየው አርቁ። ከተላቀቀ በኋላ ጥሩት፣ ትንፋሹን እዩ። የማይመልስና የማይተነፍስ ከሆነ አንድ ሰው ለእርዳታ ይሩጥ፤ ሌላው በሁለት መዳፉ የደረቱን መሀል 5 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች እየገፋ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን። እርዳታ እስኪደርስ ማቆም የለም። ሲደክማችሁ ተቀያየሩ።

የተቃጠለውን ቦታ፣ ሰውየው ከኤሌክትሪኩ ከተለየ በኋላ፣ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ውሃ በካምፑ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለዚህ አትሰስቱ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቡና አትቀቡ፤ እኛ ስናጥበው ሕመሙን እጥፍ ያደርገዋል። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ክሊኒክ አምጡ። የኤሌክትሪክ ቃጠሎ ከላይ የጣት ጫፍ ያህል ሆኖ ውስጥ ሥጋውን በሰፊው ሊጎዳ፣ የልብንም አመታት ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ናት» ብላችሁ ቤት አትቅሩ። በተለይ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ ራሱን ስቶ የነቃ ወይም ደረቱን የሚያመው ሰው ሳይውል ሳያድር ይታይ።

እሳት ከተነሳ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ ውሃ አትድፉበት። አጥፉ፣ አሸዋ አልብሱት፣ ልጆቹን አስወጡ። የጄነሬተሩን ባለቤት ስልክ ከበሩ ጀርባ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ሌሊት መስመሩን የሚቆርጥላችሁ እሱ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጀሪካን አስተጣጠብ እንነጋገራለን።