ድርቅ ያስተባበረው ፍልፈል

በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ደረቅ ምድር ሥር ፀጉር የለሹ ፍልፈል ይኖራል። በአንድ ጎሬ ብዙ ጊዜ 70 ወይም 80 ሆነው ይሰፍራሉ፤ የምትወልደው ግን አንዲት ብቻ ናት። ሌሎቹ ይቆፍራሉ፣ ግልገል ይጠብቃሉ። ተመራማሪዋ ጄኒፈር ጃርቪስ በ1981 እ.ኤ.አ. ይፋ እስክታደርገው ድረስ እንዲህ ያለው ኑሮ የሚታወቀው እንደ ንብ፣ ጉንዳንና ምስጥ ባሉ ነፍሳት ነበር። የዚህ ኅብረት ዋነኛ ምክንያት ድርቁ ነው ብዬ አምናለሁ። ምግባቸው ተራርቆ የሚገኝ ሥራሥር ነው፤ አፈሩም ዝናብ ካልነካው ድንጋይ ይሆናል። ብቻውን የሚቆፍር ሥሩ ላይ ሳይደርስ በረሃብ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ተሰልፈው ይቆፍራሉ፦ የፊተኛው በጥርሱ ይፈለፍላል፣ ተከታዮቹ አፈሩን በእግራቸው ወደ ኋላ ይጠርጋሉ፣ የመጨረሻው ወደ ውጭ ይረጨዋል።

«አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ እንጂ ድርቁ ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ዝምድና መተባበርን እንደሚያቀል አይካድም። ነገር ግን በካላሃሪ በረሃ የሚኖረው የዳማራላንድ ፍልፈል ከሥጋ ዘመዱ ጋር መራባትን ይሸሻል፤ ያም ሆኖ በኅብረት ይኖራል። የተሻለ ዝናብ በሚያገኘው የደቡብ አፍሪካ ኬፕ ምድር ያለ አንድ ዘመዳቸው ግን ብቸኛ ነው። ይህን ልዩነት ዝምድና ብቻውን አያስረዳም፤ የሚኖሩበት መሬት ግን ያስረዳል።