የመናፈሻው አዳራሽ፤ የቀን ኪራይ ወይስ ሊዝ?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀመንበራችን «አሥር ደቂቃ ይበቃዎታል» ስላሉኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። እንደ ሰማችሁት የምንኖርበት ካውንቲ በመናፈሻው ውስጥ ያለውን አሮጌ አዳራሽ ለሃያ ዓመት በሊዝ ለመስጠት አስቦ የነዋሪውን አስተያየት በመቀበል ላይ ነው። ከመካከላችን «እድሩ ራሱ ይውሰደው» የሚሉ አሉ። «ማንም አይንካው፣ እንደ ድሮው በቀን ይከራይ» የሚሉም አሉ። ከምሳ በኋላ ድምፅ ስለምንሰጥ የበኩሌን ልናገር።

ሊዝ የሚለው ቃል በአገራችን በሰፊው የታወቀው የከተማ ቦታን በሊዝ ስለ መያዝ አዋጅ ቁጥር 80 በ1986 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ነው። ስለዚህ ለብዙዎቻችን ሊዝ ማለት ቤት መሥሪያ ቦታ፣ ከሞላ ጎደል የራስ ማለት ሆኖ ቀርቷል። እዚህ አሜሪካ ግን ለአንድ ዓመት አፓርትማ ስንከራይ የምንፈርመውም ወረቀት ሊዝ ይባላል። የመናፈሻን ነገር በተመለከተ ዋናው ልዩነት የቁልፉ ነው። በቀን ኪራይ ቁልፉ ማታውኑ ይመለሳል፤ በሊዝ ግን ለዓመታት በሌላ ሰው ኪስ ያድራል።

ይህን ለእድርተኛ ማስረዳት አይከብድም። አዲስ አበባ ሳለሁ የሰፈራችን እድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ነበረው። ለቅሶ በሌለ ጊዜ ለሠርግ ይከራያል፣ ገንዘቡም የተሰበረውን ለመተካት ይውላል። አንድ ነጋዴ ድንኳኑን ለሦስት ዓመት ጠቅልዬ ልውሰድ ብሎ ጥሩ ዋጋ አቀረበ። የእድሩ ዳኛ «ማክሰኞ ሌሊት ሰው ቢሞትብን ድንኳናችን የት ይሆናል?» ብለው ጠየቁት። ነጋዴው መልስ አጣ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ያ ጥያቄ እዚህም አገር ደርሶብናል። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ አባላችን ባለቤቱ ሲያርፉበት ለሠልስቱ ብለን በሌላ መናፈሻ ውስጥ ወዳለው አዳራሽ ደወልን። አዳራሹን አንድ የድግስ አዘጋጅ ድርጅት በሊዝ ይዞታል። «ባዶ አዳራሽ አናከራይም፣ ምግቡንም ከእኛ ነው የምትገዙት» አሉን። እንጀራችንንና ንፍሯችንን ይዘን መግባት አይቻልም ማለት ነው! ዋጋው ደግሞ የሠርግ ዋጋ ነው። በየካቲት ብርድ ሽማግሌዎቻችን በሐዘንተኛው ጋራዥ ውስጥ ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ መቀመጣቸውን የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። ለእውነቱ ከሆነ ግን ድርጅቱ ያንን አዳራሽ ከመያዙ በፊት ጣራው ያፈስ ነበር፣ መጸዳጃውም ተዘግቶ ነበር። ሁለቱንም ያሠራው እሱ ነው። ስለዚህ ሊዝ ሁሉ ክፉ ነው አልልም።

በኒው ዮርክ ከትልቁ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ያለው ብራያንት ፓርክ በ1970ዎቹ የዕፅ ሻጮች መዋያ ሆኖ ነበር። ከተማው እ.ኤ.አ. በ1988 ለትርፍ ላልቆመ አንድ ድርጅት በ15 ዓመት ውል አስረከበው። ታድሶ በ1992 ተከፈተ። በውስጡ ያለው ምግብ ቤት የሚከፍለው ኪራይ ለመናፈሻው እንክብካቤ ይውላል፤ ሕዝቡም ያለ ክፍያ ገብቶ ይቀመጣል። እዚያ የተበላሸ ነገር ነበር፣ የሚጠግነውም ተገኘ፣ በሩም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ቆየ።

የቺካጎው ሌላ ነው። ከተማው በ2006 በግራንት ፓርክና በሚሌኒየም ፓርክ ሥር ያሉትን የመኪና ማቆሚያዎች ለሞርጋን ስታንሊ በ563 ሚሊዮን ዶላር ለ99 ዓመት ሰጠ። ገንዘቡን ዛሬ ተቀበለ፣ እጁን ግን ለልጅ ልጆቹ ዘመን አሰረ። በውሉ መሠረት በአካባቢው ተወዳዳሪ ማቆሚያ እንዳይከፈት ቃል ገብቶ ነበርና፣ ለአንድ አዲስ ሕንፃ ፈቃድ በመስጠቱ ገላጋይ ዳኞች በ2013 ከ57 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ፈረዱበት። 99 ዓመት! ከፈረሙት ሰዎች አንዱም መጨረሻውን አያይም።

ሦስተኛ መንገድም አለ። በኒው ዮርክ ዩኒየን ስኩዌር ባለው አሮጌ ድንኳን መሰል ሕንፃ ውስጥ በሞቃቱ ወራት ብቻ የሚሠራ ምግብ ቤት እንዲከፈት ከተማው ሲወስን ነዋሪዎች ከሰሱ። የግዛቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት በ2014 ከተማውን ደግፎ ፈረደ። ከምክንያቶቹ አንዱ ወረቀቱ ሊዝ ሳይሆን ፈቃድ ነው፣ ከተማው ውሉን የማቋረጥ ሥልጣን በእጁ አስቀርቷል የሚል ነበር። ለምግብ ቤት እዚያ ቦታ ይገባዋል ወይ የሚለውን እንተወውና፣ ቁልፉን ሰጥቶ ገመዱን በእጅ መያዝ እንደሚቻል ያሳያል።

ወደ አዳራሻችን ልመለስ። ብዙ ሰው በየተራ የሚጠቀምበት ነገር፣ ማለትም የፒክኒክ መጠለያውና የኳስ ሜዳው፣ በቀን ኪራይ ይቆይ። እንደዚህ ያለውን በሊዝ መስጠት ገንዘብ ቢያመጣም ሰው ያስወጣል። አዳራሹ ግን ጣራው አርጅቷል፣ ማሞቂያው ካቆመ ሦስት ክረምት አለፈው፣ ካውንቲውም ማሠሪያ በጀት የለኝም ይላል። ዝም ከተባለ ይዘጋል፤ የተዘጋ አዳራሽ ደግሞ ለማንም አያለቅስም። ስለዚህ ሊዙን አልቃወምም፣ ውሉ ላይ ግን እንሟገት። ዘመኑ ከጥገናው ወጪ ጋር ይመዛዘን እንጂ በልማድ ሃያ ዓመት አይባል። ጥገናው በስንት ወር እንደሚያልቅ ይጻፍ፤ ካላለቀ ውሉ ይፍረስ። በየወሩ የተወሰኑ ቀናት በካውንቲው ዋጋ ለነዋሪው ይጠበቁ። ከሁሉም በላይ ለሐዘን በሁለት ቀን ማስታወቂያ፣ የራሳችንን ምግብ ይዘን እንድንገባ ይፈቀድ። ይህ አንቀጽ ከሌለበት ሌላው ቢያምርም እኔ አልደግፍም።

እድሩ ራሱ ይውሰደው ለምትሉ ወገኖቼ፤ ሐሳባችሁ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ወርሃዊ መዋጯችን ለቀብርና ለሐዘንተኛ መርጃ የተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ጣራ፣ ኢንሹራንስና በረዶ ማስጠረጊያ ሳናውቀው ይበሉታል። ሌላም አለ። ቁልፉ በእኛ ኪስ ባደረ ጊዜ የሳልቫዶሩ ጎረቤታችን ለልጁ የ15 ዓመት በዓል፣ የኮሪያው ለአባቱ ሐዘን መጥተው ሲጠይቁን፣ እኛ ያን ጊዜ ያ የድግስ ድርጅት እንሆናለን። «ቅድሚያ ለአባላት» እንላቸዋለን፤ እኔ ራሴ እላለሁ፣ አልዋሽም።

አስተያየት መስጫው ስብሰባ ሐሙስ ማታ በአንድ ሰዓት ነው። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ሃያ ሰው ብንሆን አንድ ሰዓት ሙሉ የእኛ ነው ማለት ነው። እንግሊዝኛው ያስቸግረኛል የምትሉ እናቶች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ስለ ጋራዡ ብትነግሯቸው ይበቃል። ስማችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ።