ስለ ሕፃናት የሆድ ድርቀት የተነገረ ቃል



የሕፃን ሆድ ደረቀ የሚባለው ዓይነ ምድሩ ታይቶ ነው እንጂ ቀን ተቈጥሮ አይደለም። የእናቱን ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን፥ ከ6 ሳምንት ዕድሜ በኋላ፥ እስከ 7 ቀን ዓይነ ምድር ሳይወጣው ቢቈይ፥ እየጠባና እየፋፋ፥ የሚወጣውም ለስላሳ ከሆነ፥ ደኅና ነው፤ ከጡት ወተት የሚተርፈው ጥቂት ነውና።

እንደ ፍየል በጠጥ ደርቆ ሲወጣ ግን ድርቀት ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላው የላም ወተት መጋት፥ የጣሳ ወተትን ውሃ አሳንሶ መበጥበጥ፥ በ6 ወሩ ምግብ ሲጀምር ውሃና አትክልት መንሳት ነው። አንድ ጊዜ ሲወጣ ያመመውም ፈርቶ ይይዘዋል፤ ድርቀቱም ይብሳል።

ስለዚህ ቅቤ ማዋጥና ሥር በጥብጦ ማጠጣት ይቅር፤ ከድርቀቱ ይልቅ ይጐዳዋልና። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ጥቁሩ ዓይነ ምድር ካልወጣው፥ ወይም ሆዱ ተነፍቶ አረንጓዴ ቢያስመልሰው፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። ይህን ለእናቶች ሁሉ አስረዱ።